አባዬ ሳይክሉን የሰቀለ ቀን

የአባዬ ሳይክል ጓሮ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጥቁር ፎኒክስ ነው። የኋላ ፓራፋንጎው ቀለም ተላጦ ብረቱ ወጥቷል። ኮርቻው በስተግራ በኩል ጎድጎድ ብሏል፤ አባዬ ሁልጊዜ ወደ ግራ አዘንብሎ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ምስማር መትቶ የሰቀለው ራሱ ነው። ያኔ ግራ እጁ በጀሶ ስለነበር ምስማሩን ወንድሜ ያዘለት። መዶሻውን ግን ለማንም አልሰጠም።

"እስኪሻልህ ነው አይደል?" አልኩት።

"ሳይክሉ ምንም አልሆነም" አለኝ።

እኔ የጠየቅሁት ስለ እጁ ነበር።

አደጋው ሰፈር የሚያስወራ ዓይነት አልነበረም። ሐምሌ ነው። አባዬ ለቅሶ ደርሶ ሊመሽ ሲል እየተመለሰ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። የመንገዱ ዳር ውሃ አቁሯል። ከውሃው ሥር ክዳኑ የተነሳ ዲች አለ። አባዬ ያውቀዋል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ወደ መሃል ወጣ አለ። ከኋላ የመጣ ባጃጅ የሳይክሉን መሪ ጫፍ ነካው። አባዬ በግራ እጁ ወደቀና አንጓው ተሰበረ። የባጃጁ ልጅ አልሸሸም። አንስቶ ጤና ጣቢያ ድረስ ወሰደው። ልጁ ሲንቀጠቀጥ ያጽናናው ደግሞ አባዬ ነበር።

ከአደጋው ይልቅ ውስጤ የቀረው በኋላ የተናገረው ነገር ነው። ጀሶው ከተፈታ ከአንድ ወር በኋላ "ሳይክልህን እናውርደው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ተይው ልጄ። መንገዱ አሁን የሌላ ሰው ሆኗል።"

ምሬት አልነበረበትም። የኪራይ ውሉ ያለቀበት ሰው ቤት ሲለቅ በሚናገርበት ድምፅ ነው ያለኝ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። እስከ ዛሬም አልተዋጠልኝም።

ሃዋሳን ለማታውቋት ልንገራችሁ። ይህች ከተማ ለሳይክል ተብላ የተሠራች ነው የምትመስለው። የታቦርን እና የአላሙራን ተራሮች ከተዋችሁ ሁሉ ነገር ሜዳ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ስለሆነች መንገዶቿ ከመነሻው ቀጥ ቀጥ ብለው ነው የተቀየሱት። ከገብርኤል አደባባይ ተነስታችሁ ፔዳል ሳትረግጡ ሐይቁ ዳር የምትደርሱ ይመስላችኋል። ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ትንፋሽ አያሳጥርም።

አባዬ በደርግ ጊዜ ለሥራ ተመድቦ እዚህ ሲመጣ በመጀመሪያ ደሞዞቹ የገዛው ሳይክል ነው። አልጋ ከዚያ በኋላ መጣ። እኔን ከፊት ብረቱ ላይ፣ ወንድሜን ከኋላ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሰን ነበር። እግሬ ሰንሰለቱ ውስጥ እንዳይገባ ጫማዬን በክር ከብረቱ ጋር ያስርልኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ዓሣ ገዝቶ ይመጣል። ገና ከቤት ሳይደርስ ደወሉን ከሩቅ እንሰማዋለን። የእሱ ዘመን መምህራን፣ ነርሶች፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች፣ ጠዋት ጠዋት በሳይክል ነበር የሚሄዱት። የሳይክሉ ባለቤት ድሀ ነው የሚል ሰው አልነበረም። የሃዋሳ ሰው ሳይክል ይነዳል፤ በቃ።

ሌላ ከተማ ያሉ ወዳጆቼ ስለ ሳይክል ሲሟገቱ ሰው እንዲጀምር ለማሳመን ነው። እኛ ጋ ነገሩ ይለያል። እኛ ጋ ሰው ከጀመረ ዘመናት አልፈዋል። ማንም አላስተማረን፣ ማንም ፕሮጀክት ቀርጾ አላመጣልን። የእኛ ጭንቀት ያሉት እንዳይቀሩብን ነው። የሚነዱት አንድ በአንድ እየወረዱ ነው። ማንም አያያቸውም፤ ምክንያቱም ሳይክል መንዳት ያቆመ ሰው ሰልፍ አይወጣም። ግድግዳ ላይ ይሰቅልና ዝም ይላል።

ይህን መጀመሪያ የነገረኝ የሰፈራችን ሳይክል ጠጋኝ ነው። ከዛፍ ሥር ፖምፓና አንድ ሳፋ ውሃ ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ካላማዳሪያውን ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ሲፈልግ ቆሜ አወራው ነበር። "ድሮ ጠዋት ሥራ የረፈደባቸው ጋሼዎች ነበሩ የሚሰለፉት" አለኝ። "አሁን የማገኘው የሕፃናት ሳይክል ነው፤ ግቢ ውስጥ የሚነዳ።" አረፋውን አገኘው፤ በጣቱ ያዘው። "ትልቅ ሰው ቀርቷል።"

ከተማዋ ደግሞ አድጋለች። ማደጓ ደስ ይለኛል። ሐምሌ 2008 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከየገጠሩ መጡ። በ2012 ሲዳማ ክልል ሲሆን ሃዋሳ ዋና ከተማው ሆነች። ከሻሸመኔ ወደ ዲላና ሞያሌ የሚያልፈው ከባድ መኪና በመሃላችን ነው የሚያልፈው። ባጃጁ በዛ፣ ሞተሩ በዛ፣ የቤት መኪናው በዛ። የመንገዱ ስፋት ግን ያው ነው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሲገፋ ከጫፍ የሚወድቀው ጫፍ ላይ ያለው ነው። ጫፍ ላይ ያሉት ደግሞ ሳይክለኛውና እግረኛው ናቸው።

ስለ እግረኛው ስናወራ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሰው በመኪና ሲገጭ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ "ምን ሊሠራ መሃል መንገድ ገባ?" ነው። እሺ፣ እኔ ከቤቴ እስከ ታክሲ መያዣው ያለውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የእግረኛ መንገዱ ላይ አሸዋና ጠጠር ተከምሯል፤ ቤት እየተሠራ ነው። ትወርዳላችሁ። ትወጣላችሁ። ቀጥሎ ሁለት መኪና እግረኛው መንገድ ላይ ቆሟል። ትወርዳላችሁ። ከዚያ ያ ክዳን የሌለው ዲች። ከዚያ የሱቅ ዕቃ። በዚህ መንገድ ልጅ ያዘለች እናት፣ ዓይነ ስውር፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ያልፋል። ልጅ ሳለን "ግራችሁን ይዛችሁ ሂዱ" ተብለን ነው ያደግነው። እንያዝ። የምንይዘው ግራ የት አለ?

ጉዳዩን ሰፈር ውስጥ ማንሳት የጀመርነው በእድር ነው። የእድሩ ዳኛ መጀመሪያ "ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛ ቀብር ነው ሥራችን" አሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሱና "ታዲያ የምንቀብረውን ማን እያመጣው ነው?" አሏቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያው ስብሰባ ደብዳቤ ተረቀቀ። ጥያቄያችን ትልቅ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የጠፋው ዜብራ ይቀባ፣ ከእሱ በፊት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራ፣ የዲቹ ክዳን ይመለስ።

ማህተም ተመትቶ ይዘን ሄድን። የተቀበሉን ሰው ትሁት ነበሩ። አንብበው ሲጨርሱ "ጉብታ ከሠራን ትራፊኩ ይጨናነቃል" አሉን።

መልሱ ብቻ ሳይሆን ቃሉም ነው የገረመኝ። እኛ ጋ ትራፊክ ሲባል ፖሊሱ ነው፤ ካልሆነ ደግሞ መኪናው ነው። በዚያች በር ላይ በጠዋት የሚሻገሩ ልጆች ትራፊክ አይደሉም። አባዬ ያን ሁሉ ዓመት በሳይክል ሲመላለስ ትራፊክ ሆኖ አያውቅም። እግረኛ ሲቆም "ተጨናነቀ" አይባልም፤ "ቆመ" ነው የሚባለው። ማንም ያልቆጠረው ነገር ሊጨናነቅ አይችልም።

ሒሳብ ነው ሥራዬ። ቆጥሬ የማላውቀውን ነገር አላምንም። ስለዚህ እንቁጠር አልኩ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እኔ፣ ልጄና ሁለት ጎረቤቶች ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለች ሱቅ ደጃፍ ወንበር አውጥተን ተቀመጥን። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለሆነች ነው የመጣችው። ደብተር ላይ ዓምድ አሰመርን፦ እግረኛ፣ ሳይክል፣ ሞተር፣ ባጃጅ፣ መኪና፣ ከባድ መኪና። ባለፈ ቁጥር አንድ ሰረዝ። አምስተኛው አራቱን ያቋርጣል።

ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የእግረኛው ዓምድ ገጹን ጨረሰ። ሌላ ገጽ ገለጥን። እሱም አለቀ። የመኪናው ዓምድ ግን የመጀመሪያው ገጽ ግማሽ ላይ ነበር። ልጄ "እማዬ፣ የመኪናው ቦታ ተረፈ፤ እዚያ ላይ እግረኛ ልጻፍ?" አለችኝ። ይፍቀዱልኝና፣ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ስብሰባ ላይ ያነበብኩት ወረቀት ያን ያህል አልገለጸልኝም።

መቁጠር ዓይን ይከፍታል። ከዚያ በፊት በዚያች በር በቀን ሁለት ጊዜ አልፌ አላየሁም ነበር። አንድ የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ታናሹን በእጁ ይዞ መንገዱ ዳር ቆመ። መኪና አለፈ። ባጃጅ አለፈ። ሌላ ባጃጅ። ልጁ አንድ እግሩን አውርዶ መለሰው። እንደገና አውርዶ መለሰው። አራተኛው ላይ ታናሹን እየጎተተ ሮጠ። የታናሹ ጫማ መሃል አስፋልት ላይ ቀረ። ልጁ ተመልሶ ሊያነሳ ሲል ከሱቁ ውስጥ ባለሱቋ "ተወው!" ብላ ጮኸች። እኔ እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ተነሳሁ። ሁለቱ ተሻግረው ነበር። ጫማውን ያነሳላቸው አንድ ባጃጅ ሹፌር ነው፤ ቆሞ፣ ወርዶ፣ ሰጣቸው። ደብተራችን ላይ ይህ ሁሉ ሁለት ሰረዝ ነው።

ማታም ቆጠርን። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰርቪስ ዋናው መንገድ ላይ የወረዱ ሴቶች ሦስት አራት እየሆኑ ወደ ውስጥ ይገባሉ። መብራት በሌለበት የስልካቸውን መብራት ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ያበራሉ፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና እንዲያያቸው። አንዷን ጠየቅኳት። "መንገዱን እኛ እናውቀዋለን፤ እኛን ነው የማያውቁን" አለችኝ።

የዚያን ሰሞን ልጄ ስለ ፍጥነት ጠየቀችኝ። አንድ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድና ሌላው 50 ቢሄድ ምን ያህል ይለያያል? በወረቀት ከምነግራት ብዬ ከጎረቤታችን አናጢ ሜትር ተዋስን፣ ጠመኔ ያዝን፣ እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ወጣን። ሱቁ በር ላይ መስመር አሰመርን፤ ሁለቱ ሹፌሮች ልጅ ድንገት ሲገባባቸው ያዩት እዚህ ላይ ነው አልን። ሹፌር አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ መኪናው እስኪቆም ይንሸራተታል። በ30 የሚሄደው በጠቅላላው 13 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። 13 ሜትሩን ለካንና አሰመርን፤ መብራት ፖሉ ጋ ደረሰ። በ50 የሚሄደው የሚቆመው 28 ሜትር ላይ ነው። ሜትሩን ሦስቴ እያነሳን ሄድን። የትምህርት ቤቱን በር አለፍን።

ልጄ ፖሉ ጋ ተመልሳ ቆመች። "ቆይ፣ በ30 የመጣው እዚህ ቆሟል። በ50 የመጣው እዚህ ሲደርስ ምን ላይ ነው?"

ሒሳቡን ሠራሁት። በ50 የመጣው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብቻ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ማለትም የመጀመሪያው መኪና በቆመበት ቦታ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልረገጠም። ሙሉ ፍጥነቱን እንደያዘ ነው። ይህን ስነግራት ከፖሉ ሸሸች። የመምቻው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ልክ አይደለም የሚያድገው፤ ከ30 ወደ 50 ሲሄድ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ስቶክሆልም ላይ የየአገሩ ሚኒስትሮች ተሰብስበው ሰውና መኪና በሚቀላቀሉበት መንገድ ፍጥነቱ ከ30 አይለፍ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል ይላል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሪፖርት። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ቀዳሚው ገዳይ ይኸው ነው። ልጄ 11 ናት። ሪፖርቱን ሳነብ ዓይኔ የሄደው ወደዚያች ቁጥር ነው።

ጠመኔው እስከ ማክሰኞ ዝናብ ድረስ ቆየ። ሰዎች "ምንድነው ይሄ?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። ባለሱቋ ለሁሉም ታስረዳለች። ከእኔ የተሻለ ነው የምታስረዳው።

"ያ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ሆላንድ ነው እንዴ ያለነው?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሆላንድን ካነሳን እናንሳው። ሆላንዶች ከሳይክል ጋር አልተወለዱም። ነበራቸው፣ ሊያጡትም ተቃርበው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና ሲበዛ ሳይክሉን ከመንገድ ገፋው። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ወደ 3,300 ሰው በመንገድ አደጋ ሞተባቸው፤ ከ400 በላዩ ሕፃናት ነበሩ። ቪክ ላንገንሆፍ የሚባል ጋዜጠኛ ሴት ልጁን በመኪና አደጋ አጣ። በሚቀጥለው ዓመት ጋዜጣው ላይ ጻፈ። "የሕፃናት ግድያ ይቁም" የሚለው ንቅናቄ ከዚያ ነው ስሙን ያገኘው። እናቶችና አባቶች መንገድ ዘግተው ልጆቻቸውን አጫወቱ፣ ከሳይክላቸው ጋር አስፋልት ላይ ተኙ። መንገዶቹ ተለወጡ። ዛሬ በዓመት የሚሞተው ሰው ከ800 በታች ነው፤ መኪናው ደግሞ ከያኔው በጣም በዝቷል። እኔን የሚገርመኝ መሠረተ ልማታቸው አይደለም። ከማጣታቸው በፊት መንቃታቸው ነው። አባቶቻቸው ሳይክላቸውን ሰቅለው ሳይጨርሱ ደረሱ።

አገራችንም ወረቀቱ አላት። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ ነው። አዲስ አበባን ብቻ ሳይሆን የክልል ከተሞችንም ያያል። በ2011 "መንገድ ለሰው" ሲጀመር ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ ከተሞችም መንገዳቸውን ለመኪና ዘግተው ለሰው ከፍተዋል። አሁን ደግሞ የኮሪደር ልማቱ አለ። ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድና ተለይቶ የተቀባ የሳይክል መስመር ሳይ እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኛል። ማታ ቤተሰብ ሲንሸራሸርበት ሳይ ሆዴ ይሞላል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አባዬ የወደቀው ኮሪደር ላይ አይደለም። ከቤቱ ሦስት መቶ ሜትር ሳይርቅ፣ ስሙ በማንም ካርታ ላይ በማይጻፍ የሰፈር መንገድ ላይ ነው። ሳይክለኛ ዋናው መንገድ ላይ አይወለድም። ከሰፈር ነው የሚነሳው። ሰፈሩ ካላወጣው ያማረው መስመር ድረስ አይደርስም።

ደብተራችንን ይዘን ተመለስን። እኚያ ትሁት ሰው ገጾቹን ገለጡ። ብዙ አልተናገሩም። "ይሄ የአንድ ጠዋት ነው?" ብለው ጠየቁ። አዎ አልን። ከዚያ ስንት ሳምንት እንደተመላለስን አልነግራችሁም፤ የተመላለሰ ያውቀዋል። አንድ ቀን ግን አንዲት ወጣት መሐንዲስ መጣች። ልጆች በሚወጡበት ሰዓት መጥታ መንገዱ ዳር ቆመች። እንድትሻገር ጠበቅናት። እሷም አንድ እግሯን አውርዳ መለሰችው። ስትሻገር ሮጣ ነው።

ከወር በኋላ ዜብራው ተቀባ። ሁለት ጉብታም ተሠራ። ዲቹ እስካሁን ክዳን የለውም።

ጉብታው የመጀመሪያ ጠላት ያፈራልኝ ከሰፈራችን ባጃጅ ሹፌሮች ነው። አንዱ ቆሞ "እህቴ፣ ባጃጄን እኮ አንኮታኮተው! በቀን ስንቴ ነው የማልፍበት?" አለኝ። ተቆጥቷል። ወንበር አቀረብኩለት። ባጃጁ የእሱ አይደለም። ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። ገቢው ካልሞላ ከራሱ ኪስ ነው። ስለዚህ ይፈጥናል። ሰው ካየ ድንገት ይቆማል፣ ሌላው ሳይቀድመው ይነሳል። ይህን ሲነግረኝ የአባዬን አንጓ የሰበረው ልጅ ትዝ አለኝ። ያም ልጅ ምናልባት የዚያን ቀን ገቢ አልሞላለትም ነበር። ባጃጅ ሹፌርን ክፉ አድርጎ የሚያወራ ሰው ሳይ ከዚያ ቀን ወዲህ ዝም አልልም። ክፋቱ አሠራሩ ላይ ነው።

"ልጅ አለህ?" አልኩት።

"አንድ። ሦስት ዓመቷ ነው።"

"የት ነው የምታስተምራት?"

ዝም አለ። ከዚያ በአገጩ የትምህርት ቤቱን በር አሳየኝ። አልተስማማም፤ ጉብታው ዝቅ ቢል ይሻላል ብሎ ነው የሄደው። ምናልባት እውነቱን ነው። በሌላ ሰፈር ሰዎች ራሳቸው ድንጋይና አፈር ከምረው የሠሩት ጉብታ አይቻለሁ። ልጅ ተገጭቶባቸው በንዴት የሠሩት ነው፤ ንዴታቸው ይገባኛል። ግን ማታ የማያየው ሳይክለኛ ይገለበጥበታል። ጉብታም ልክ አለው።

ባለፈው ጥር ልጄ ሳይክል ልንዳ አለች። ግቢ ውስጥ ሳይሆን፣ ትምህርት ቤት ድረስ። ይህን ሁሉ ስለፍልፍ ከርሜ አፌ "አይሆንም" ሊል ምንም አልቀረውም። ሆዴ ፈራ። ወደ አባዬ ዞርኩ፤ እሱ እንዲከለክልልኝ ነበር የፈለግሁት። እሱ ግን ዝም ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ። መዶሻ ሲፈልግ ሰማሁት። ፎኒክሱ ለእሷ ትልቅ ነው፤ እግሯ አይደርስም። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገው። አሁንም አልደረሰችም። ሰንሰለቱን ዘይት ቀባ፣ ጎማውን ነፋ፣ ፍሬኑን ሞከረ። ከዚያ መልሶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። በሳምንቱ ከጠጋኙ ልጅ ዘንድ ያገለገለች ትንሽ ሳይክል ገዛላት። ኮርቻዋን ይዞ ከኋላዋ እየሮጠ በሰፈሩ መንገድ አስተማራት። ዕድሜው 68 ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሲሮጥ ያየሁት ስንት ዓመቴ ሳለ ነበር?

አሁን ትነዳለች። እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ አብሬያት በእግሬ እሄዳለሁ፤ ዲቹ ጋ ስንደርስ ትወርዳለች። ተስማምተናል።

ባለፈው ሳምንት ድጋሚ ቆጠርን። ጉብታው ከተሠራ በኋላ ምን እንደተለወጠ ማየት ፈልገን ነው። አባዬ ሳይጠራ የራሱን በርጩማ ይዞ መጣ። "የሳይክሉን ዓምድ ለኔ ስጪኝ" አለ። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። መነጽሩን አደረገ። ሳይክል ሲያልፍ ከሰረዙ በፊት ሰውየውን ያያል፤ የሚያውቀው ከሆነ እጁን ያነሳል። የሚያውቀው ብዙ ነው።

አንድ ጡረተኛ ጓደኛው ከታች በኩል መጡ። ሳይክላቸውን እየገፉ ነው። ጎማው ደህና ነው፣ ሰንሰለቱ ደህና ነው። ዜብራው ጋ ደርሰው ቆሙ፣ ግራ ቀኝ አዩ፣ እየገፉ ተሻገሩ። ከተሻገሩ በኋላም አልወጡበትም። እየገፉ ወደ ዋናው መንገድ አቀኑ።

አባዬ እስክሪብቶውን አንስቶ ቆየ።

"እሳቸውን የት ልጻፋቸው?" አለኝ። "ሳይክል ናቸው ወይስ እግረኛ?"

መልስ አልነበረኝም። አባዬ የደብተሩን ጠርዝ አየ፤ ትንሽ ነጭ ቦታ ተርፏል። ከልጄ ማስመሪያ ተቀበለና ከላይ እስከ ታች አንድ አዲስ ዓምድ አሰመረ። ከአናቱ ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ "የወረዱ" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ አንድ ሰረዝ። ትንሽ አሰብ አደረገና ከጎኑ ሌላ ሰረዝ ጨመረ።

"ሁለተኛው ማነው?" አለችው ልጄ።

"የኔ ናት" አላትና ቀና ብሎ መንገዱን ማየት ቀጠለ።